ቢጫው ለራሴ፣ ቀዩ ለሌላ ሰው

ሰሞኑን አንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች፣ ሥራ አስፈትቶኝ ሰነበተ። ስለ ትሕትናና ስለ የዋህነት ነው፤ በተለይ መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብና ስንጸልይ። ይህን እስክጽፍ ድረስ 41 መልስ ተጽፎበታል። ብዙዎቹን ሁለቴ አነበብኳቸው። አንዱን ግን ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ። እሱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ክሩን የከፈተው ሰው ለዓመታት ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ የኖረ ነው። ሁለት ሃይላይተር አለው። ለራሱ የሚሆን ቃል ሲያገኝ በቢጫው ያሰምራል። ይቺማ ለእገሌ ነበር የምትነበበው ብሎ ሲያስብ ደግሞ በቀዩ። እገሌ አንዳንዴ ወንድሙ ነው፣ አንዳንዴ የሥራ ባልደረባው፣ ብዙ ጊዜ ሚስቱ። ስልኩ አጠገቡ ስለሆነ ፎቶ አንስቶ የሚልክበት ቀንም አለ። አንድ ቀን የያዕቆብን መልእክት 3ኛ ምዕራፍ ገለጠ፤ ስለ ምላስ የሚናገረውን። ገጹ በሙሉ ቀይ ነው። አንዲትም ቢጫ የለችም። ደንግጦ ወደ ኋላ ማገላበጥ ጀመረ። መጽሐፈ ምሳሌ ቀይ። ሮሜ ምዕራፍ 2፣ በሌላው ላይ የሚፈርድ ሰው ማመካኛ የለውም የሚለው ቦታ ሳይቀር፣ ቀይ። ቢጫ በብዛት ያገኘው መዝሙረ ዳዊት ላይ ነው፤ እሱም ጠላቶቼን አሳፍርልኝ በሚሉት ቦታዎች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ማንበቡ ትሑት ሊያደርገኝ ሲገባ ለምን ተናካሽ አደረገኝ? ሰው ይህን ልማድ እንዴት ይተወዋል?

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ከምዕራፍ 3 በፊት ምዕራፍ 1ን እንዲያነብ ይመክረዋል። እዚያ ቁጥር 21 ላይ ያዕቆብ ቃሉን በየዋህነት ተቀበሉ ይላል። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ መስታወት ይመጣል፤ ፊቱን አይቶ ሄዶ ወዲያው መልኩን የሚረሳ ሰው። መላሹ አንድ ነገር አስተውሏል። የያዕቆብ ሰውዬ ጥፋቱ መርሳቱ ነው እንጂ መስታወቱን ወደ ጎረቤቱ አላዞረም። ያንተ ዓይነቱ ለያዕቆብም አልታሰበውም ብሎ ቀለደበት። ትንሽ ይቆነጥጣል፤ ግን በፍቅር ነው።

2ኛው አሜን ብቻ ነው። 3ኛውን የጻፈችው አንዲት ሴት ናት፤ ከክሩ ሁሉ እኔ ጋ የቀረው የሷ ነው። እናቷ ዓይናቸው ደክሟል። ማታ ማታ ታነብላቸዋለች። የግርጌ ማስታወሻ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ አላት፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ክፍል ታነብና ማብራራት ትጀምር ነበር። እናቷ ዝም ብለው ይሰሟታል። ስትጨርስ ያችን ቁጥር ድገሚልኝ ይሏታል። ትደግማለች። እንደገና ታብራራለች። እንደገና ድገሚልኝ። አንድ ማታ አንዲትን ቁጥር 5 ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ወዲህ ማብራራቱን ተወችው። እናትየው ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ነው፣ የሚሰጡትን ለመቀበል እንደተዘጋጀ ሰው። ልጅቷ ይህን ጽፋ አበቃች። ምክር አልጨመረችም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ዝምታ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የሄደው ወደ ሃይላይተር ነው። 4ኛው ሁለቱንም ቀለም ጥለህ ባዶ እጅህን አንብብ አለ። 5ኛው ተቃወመ፤ ማስመር ለማስታወስ ይረዳል፣ ጥፋቱ የልብ ነው እንጂ የቀለም አይደለም ባይ ነው። 6ኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚታተምበት ወረቀት ስስ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል ብሎ ተማረረ። 7ኛው ባለቀለም እርሳስ ይሻላል፣ ጫፉን ግን አታሹለው አለ። 8ኛው ደግሞ ሰም የበዛበት እርሳስ ገጽ ከገጽ ያጣብቃል አለ። ይሄን ሁሉ በሙሉ ቁም ነገር ነው የሚያወሩት። የክሩ ባለቤት በ9ኛው ብቅ ብሎ የሱ ቀይ ወደ ጀርባ አልፎ አንዳንድ ቢጫ መስመሮችን እንዳበላሸበት ሳቅ ባለው አጻጻፍ ነገራቸው። 10ኛው ወደ ርዕሱ እንመለስ አለ።

11ኛው መለሳቸው። የ4ኛው መቶ ዘመን የግብፅ መነኩሴ የአባ ጳምቦን ታሪክ ተረከላቸው። ታሪኩን የጻፈው ሶቅራጥስ የተባለው የ5ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው። ጳምቦ ማንበብ አይችልም። መዝሙር እንዲያስተምረው ወደ አንድ ሰው ሄደ። መምህሩ በአንደበቴ እንዳልስት መንገዴን እጠብቃለሁ የሚለውን የመጀመሪያ ቁጥር አነበበለት። ጳምቦ ሁለተኛውን አልጠበቀም። በሥራ ከፈጸምኳት ይቺ ትበቃኛለች ብሎ ተነሥቶ ሄደ። 6 ወር ሙሉ አልተመለሰም። መምህሩ አግኝቶ ምነው ጠፋህ ቢለው የመጀመሪያዋን ገና አልተማርኳትም አለው። ከብዙ ዓመት በኋላም አንድ የሚያውቀው ሰው ያቺን ቁጥር ተማርካት ወይ ብሎ ጠየቀው። በ19 ዓመት ገና አሁን በጭንቅ መፈጸም ቻልኩ ብሎ መለሰለት። 11ኛው ታሪኩን ሲጨርስ መዝሙሩ 38ኛው ነው ብሎ ጻፈ።

12ኛው እኔ ነኝ።

መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። 38ኛው መዝሙር ስለ ቁስልና ስለ ሕመም ነው። አንደበትን ስለ መጠበቅ የሚናገረው 39ኛው ነው። ደስ አለኝ፤ ዛሬ ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ሰው የጻፈውን ሳያጣራ ለሕዝብ እንደማያቀርብ፣ በተለይ ቅዱስ ቃልን በግምት እንደማይጠቅስ፣ እንዲህ ዓይነቱ ግዴለሽነት ስንቱን እንዳሳሳተ ጻፍኩ። ስለ ምላስ መጠንቀቅ በሚናገር ታሪክ ሥር መሆኑ ነው እንግዲህ። በእርስዎ ጀምሬ ነበር። ቆይቼ ሳየው በ3ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንተ ሆኗል። እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣም ያው ነው።

13ኛው ወዲያው መጣብኝ። የሰውየውን ታሪክ ትተህ ቁጥሩን ነከስክ አለኝ፤ የሚነከስ ነገር ፍለጋ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የተገለጸው ነው ብሎ ጨመረበት። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

14ኛውን የጻፉት አንድ አዛውንት ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው የረጋ ነው። ማንንም አልነቀፉም፣ ስሜንም አልጠሩም። የመዝሙር ቁጥር ሁለት ዓይነት መሆኑን ብቻ አስረዱ። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ከዚያ ጀምሮ እስከ 147 ድረስ የግሪኩ ቁጥር ባብዛኛው ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል። ግሪኩ መጨረሻ አካባቢ 147ኛውን ለሁለት ስለሚከፍለው ሁለቱም 150 ላይ ይገናኛሉ። አንድ መሆናቸው ግምት ብቻ አይደለም፤ በዕብራይስጡ 9ኛውና 10ኛው ሲነበቡ ስንኞቹ ፊደል ተራ ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። እንግዲህ የጳምቦን ታሪክ የጻፈው ሶቅራጥስ ግሪክኛ አንባቢ ነው፤ 38 ማለቱ ትክክል ነው። የኔም መጽሐፍ 39 ማለቱ ትክክል ነው። አዛውንቱ ሲጨርሱ ሁለቱም ወንድሞች በጥንቃቄ ስላነበቡ አመሰገኑ። ሁለታችንንም!

መጽሐፌን እንደገና ገለጥኩ። 38 የሚለው ሁለተኛው ቁጥር እዚያው በቅንፍ ውስጥ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ሳልፈው ኖሬያለሁ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። 15ኛውን ጻፍኩ። ስላስረዱኝ አመሰገንኩና፣ ቢሆንም ጸሐፊው የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ መግለጽ ነበረበት ብዬ ዘጋሁ። ያቺ «ቢሆንም» የምትል ቃል ከ12ኛው መልሴ በሙሉ ትብሳለች። 16ኛው በግሪኩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ 151ኛ መዝሙርም አለ ብሎ ነገሩን አበረደው። ዳዊት ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ እንደነበር የሚናገር ነው። ይሄም ከርዕሱ አልራቀም።

17ኛው ላይ ክሩ አቅጣጫ ቀየረ። ትሕትናን እቀበላለሁ፣ የዋህ መሆን ግን አልፈልግም የሚል ሰው መጣ። በምናወራው አማርኛ የዋህ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በቀላሉ የሚታለል፣ ብድር ሰጥቶ የማይጠይቅ፣ ሥራ ሁሉ የሚጫንበት። እንግዲህ የዋሆች ምድርን ይወርሳሉ ሲባል ሞኞች ይወርሳሉ ማለት ነው ወይ? ብዙ ላይክ አገኘ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ይሄ ቃል ሲነበብ አንድ ሁሉም የሚያታልለው ዘመዳችን ነበር ትዝ የሚለኝ።

18ኛው ለማጽናናት ያህል፣ የግሪኩ ቃል ፕራውስ የሚገራ የጦር ፈረስን ነው የሚያመለክተው አለ፤ ጉልበት ያለው ግን ልጓም የገባለት። ይሄን ስብከት ላይ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ደስ ይላል። 19ኛው ግን አረመው፣ በጨዋ ደንብ። ቃሉ በርግጥ ለተገራ እንስሳ ይነገራል፤ ለሰው ጠባይም ይነገራል። የጦር ፈረስ ብቻ መጠሪያ ግን አይደለም። አሪስቶትል ለዚህ ጠባይ የሰጠው ቦታ ይሻላል አለ፤ በማይገባው በሚቆጣና በሚገባውም በማይቆጣ ሰው መካከል። የዋህ ማለት ቁጣ የሌለው ሳይሆን ቁጣው ባለቤት ያለው ነው። ለ17ኛው ጥያቄ የረካሁት በዚህ ነው።

20ኛው በጣም አጭር ነው። ይሄ የግሪክ ቃል በሐዲስ ኪዳን 4 ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ማቴዎስ 5:5፣ 11:29፣ 21:5 እና 1ኛ ጴጥሮስ 3:4። ሦስተኛው ንጉሥሽ የዋህ ሆኖ ይመጣል የሚለው የዘካርያስ ትንቢት ነው። ንጉሡ የተቀመጠው በአህያ ላይ ነው። የትንቢቱ ቀጣይ ቁጥር፣ ዘካርያስ 9:10፣ ደግሞ ፈረስን ከኢየሩሳሌም አጠፋለሁ ይላል። የጦር ፈረሱ እዚያው ቀረ። 18ኛው ራሱ መጥቶ ሳቀ፤ ለ15 ዓመት ሲያስተምርበት የኖረው ምሳሌ ነው አለ። በዚህ ክር ውስጥ ሲታረም የሳቀ ሰው እሱ ብቻ ነው። ቀናሁበት።

22ኛው የ17ኛውን ጉዳይ እንደገና አነሣ። አማርኛው ማቴዎስ 10:16 ላይም እንደ ርግብ የዋሆች ሁኑ ይላል። እዚያ ያለው የግሪክ ቃል ግን ሌላ ነው፤ ያልተቀላቀለ፣ ንጹሕ ማለት ነው። እኛ ሁለቱን ቃላት በአንድ ቃል እንጠራለን። እዚያው ቁጥር ላይ ደግሞ እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ የሚለው ቀድሟል፤ ስለዚህ ሞኝነት የሚለው ትርጉም በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሩ ተዘግቶበታል። ትሕትና የሚለው ቃል ከታሕት፣ ከታች፣ የመጣ መሆኑንም ጨመረ። የሰማይ ቃል ስታነብ ታች ቁጭ ብለህ አንብብ እንደማለት ነው አለ። የመጨረሻዋ ትንሽ ስብከት ሸተተችኝ፤ የቃሉ ሥር ግን ትክክል ነው።

23ኛው በግሪኩ ተማርሮ መጣ። ድምፁ ጠንካራ ነው። ግሪክኛ የማያውቅ ሰው እንግዲህ አያንብብ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጳምቦ ፊደል አልቆጠረም፤ ከሁላችሁም በላይ ግን አንዲት ቁጥር አንብቧል። ትሕትናን ለመተንተን ሦስት ቋንቋ የሚያስፈልገው ሰው ትሕትናውን የት እንዳስቀመጠው ይፈልግ አለ። 24ኛው እውቀት ኃጢአት አይደለም ብሎ መለሰለት። 25ኛው ሁለታችሁም ኩራት ላይ ናችሁ አለ፤ አንዱ በመማሩ፣ አንዱ ባለመማሩ። ይህቺን የጻፈ ሰው ደግሞ በማየቱ ኮርቷል ብዬ ልጽፍ እጄን አነሣሁ። መለስኩት። በዚያ ክር ያደረግኩት አንድ ጥሩ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

26ኛው መልስ መጣና ጨዋታው ቆመ።

አንዲት ሴት ናት። ከዚህ በፊት የነበረችበት የጸሎት ኅብረት ውስጥ መሪ የነበረ ሰው በደል ፈጽሞባታል፤ ዝርዝሩን አልጻፈችም፣ ስምም አልጠራችም። ልትናገር በሄደች ቁጥር የተሰጣት ይሄው እናንተ እዚህ የምትጠቅሱት ጥቅስ ነው አለች። የዋሆች ብፁዓን ናቸው። ትሑት ሁኚ። ቃሉን በየዋህነት ተቀበዪ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የማቴዎስን 5ኛ ምዕራፍ መክፈት አልቻለችም። ሲከፈት የጥቅሱን ድምፅ ሳይሆን የዚያን ሰው ድምፅ ነው የምትሰማው። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ የዋህነት የሚሰበከው ሁልጊዜ ለተበደለው ነው፤ ለበዳዩ የሚሰበከው መቼ ነው?

27ኛው ስለ ይቅርታ ጥቅስ ለጠፈላት። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። አጥንት ለተሰበረበት ሰው ፕላስተር ማቀበል ነው። 28ኛው እንደ እሳት ወረደበት፤ ከክሩ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፣ አወያዩም ሁለት መስመር ቆርጦለታል። የቀረው መስመር እንዲህ የሚል መንፈስ አለው፦ አሁን ባንተ እጅ ጥቅሱ ቀይ ሃይላይተር ሆነ። ክሩ የተጀመረበትን ነገር ያስታወሰው እሱ ብቻ ነው፤ በቁጣም ቢሆን። አሪስቶትል ቢያነበው የሚገባውን ቁጣ ተቆጣ የሚል ይመስለኛል።

29ኛው ለጥያቄዋ ሁለት ቦታ አሳያት። አንደኛው ዘኍልቍ 12:3 ነው፤ ሙሴ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደነበረ የሚናገረው። ያቺ ቁጥር የገባችው እህቱና ወንድሙ በሱ ላይ በተናገሩበት ታሪክ መካከል ነው። ሙሴ ለራሱ አልተከራከረም፤ እህቱ በለምጽ ስትመታ እንኳ ጸለየላት። ይኸው ሰው ግን ለተጨቆነው ሕዝብ ፈርዖን ፊት ደጋግሞ ቆሟል። ትሑት ነኝና ዝም ልበል አላለም። ሁለተኛው ዮሐንስ 18 ላይ ነው። ኢየሱስ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ስድብ አልመለሰም። ግን ዝምም አላለም፤ መልካም ተናግሬ እንደሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝ ያለው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ይላል መላሹ፣ የመታሽን ሰው ለምን መታኸኝ ብሎ መጠየቅ ከየዋህነት ውጭ ሊሆን አይችልም። 30ኛው ስለ ሙሴ ቀልድ ቢጤ ጣል አደረገ፤ መጽሐፉን የጻፈው ሙሴ ከሆነ ትሑት ነኝ ብሎ ስለ ራሱ እንዴት ጻፈ የሚለውን የቆየ እንቆቅልሽ። ጊዜው አልነበረም። ማንም አልሳቀም።

31ኛው በጳውሎስና በጴጥሮስ መጣ። ገላትያ 2 ላይ ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ታዲያ መገሠጽ የት ላይ ነው ከየዋህነት የሚጣላው? 32ኛው በዚሁ ክፍል ሁለት ትልልቅ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ተጣልተውበታል ብሎ አንድ የማላውቀውን ታሪክ አመጣ። ሄሮኒሞስ ቤተ ልሔም ሆኖ፣ ያ ግሣጼ ሁለቱ ሐዋርያት ለማስተማር ሲሉ አስመስለው ያደረጉት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አውግስጢኖስ ከሰሜን አፍሪካ ሆኖ አይሆንም አለ፤ መጽሐፉ ላይ ለጥቅም የተባለ ማስመሰል ካለ ምኑ ይታመናል ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው ግን ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ጣልያን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሄሮኒሞስ ስለ ራሱ የተጻፈውን ከሌላ ሰው ሰማ። ስክሪንሾት በዘመኑ ባይኖርም ነገሩ ያው ነው። ተቀየመ፣ መልሱም መረር ያለ ነበር። አውግስጢኖስ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሐሳቡ ግን ጸና። ከዚያ በኋላ በመከባበር ተጻጽፈዋል። 32ኛው ይህን ያነሣው ለአንድ ነገር ነው። አጵሎስ የሚባል መጽሐፍ አዋቂ ሰው ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጎደሎ ሲያስተምር ጵርስቅላና አቂላ በጉባኤ መሀል አላቋረጡትም። ወደ እነሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በይበልጥ ገለጡለት። 11ኛውን መልስ የጻፈውን ሰው አሰብኩ። ከ12ኛው ወዲህ አንድም ቃል አልጻፈም።

33ኛው 26ኛዋ ሴት ናት። ስለ ዮሐንስ 18 አመሰገነች። 27ኛውንም አልተቀየመችውም። ያን ቀን ማታ ማቴዎስ 5ን መክፈቷንና አለመክፈቷን አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃትም። ደግ አደረጉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለዘብ ያለ ነው። 34ኛው ሌላ የበረሃ መነኮሳት ታሪክ አመጣ። ሽማግሌዎች ወደ አባ እንጦንስ መጡ፤ አባ ዮሴፍም አብሯቸው ነበር። እንጦንስ አንድ የመጽሐፍ ቃል አንሥቶ ከትንሹ ጀምሮ ትርጉሙን ጠየቃቸው። እያንዳንዱ እንደሚችለው መለሰ፤ ለእያንዳንዱም ገና አላገኘኸውም ይለው ነበር። በመጨረሻ ዮሴፍን አንተስ ሲለው አላውቅም አለ። እንጦንስም መንገዱን ያገኘው ዮሴፍ ነው፣ አላውቅም ብሏልና አለ። 35ኛው ይህን ሲያነብ ትንሽ ፈራ፤ አላውቅም ማለትም እኮ ፋሽን ይሆናል አለ። ሳያነቡ አላውቅም ማለትና አንብቦ አላውቅም ማለት ለየቅል ነው። ልክ ነው። ስንፍናም ነጠላ አዘቅዝቃ ስትመጣ ትሕትና ትመስላለች።

36ኛው ጃንደረባውን አነሣ፤ የሕንደኬን ገንዘብ ሁሉ የሚያዝ ባለ ሥልጣን፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነበውን። በእግሩ ሮጦ የደረሰ መንገደኛ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ሲጠይቀው አልተቆጣም። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። መላሹ የሚገርመው ልመናው ነው አለ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጃንደረባው ወዲያው የጠየቀው ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል የሚል ነው፤ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ለማን ልላከው አላለም።

37ኛው የአውግስጢኖስን ወጣትነት ጨመረበት። በ19ኛ ዓመቱ የሮማዊውን ተናጋሪ የሲሴሮን ጽሑፍ አንብቦ በጥበብ ፍቅር ተቃጠለና መጽሐፍ ቅዱስን ከፈተ። ከሲሴሮ ጋር ሲያስተያየው ተራ ሆነበት፣ ዘጋው። በኋላ ሲጽፍ ጉድለቱን ለራሱ ሰጠ፤ የመጽሐፉ በር ዝቅ ያለ ነው፣ እኔ ግን አንገቴን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም እንደማለት ነው ነገሩ።

የክሩ ባለቤት በ38ኛው ተመለሰ። ሃይላይተሮቹን አልጣላቸውም፤ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ያነበበው አንድ መዝሙር ብቻ ነው፣ 131ኛውን። (በግሪኩ 130 ብሎ በቅንፍ ጨምሯል። ከኔ የተማረው ነገር ነው መሰለኝ።) 3 ቁጥር ብቻ ያለው ነው። ልቤ አልታበየም፣ ከአቅሜ በላይ በሆነ ነገር አልገባሁም የሚል፤ ከዚያ ነፍሱን ጡት ከጣለ ሕፃን ጋር የሚያመሳስል። በ2ኛው ቀን ይቺ ለአለቃዬ ነበረች ብሎ ማሰቡን አመነ። በ5ኛው ቀን ግን ያ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ እንዳልገባው ተረዳ። ጡት የጣለ ሕፃን ለምን? የሚጠባ ለምን አይሆንም?

39ኛዋ እናት ናት። እንዲህ አስረዳችው። የሚጠባ ሕፃን እናቱ ስታቅፈው አያርፍም። ሽታውን ያውቀዋል፤ አንገቱን ያዞራል፣ ልብሷን ይጎትታል፣ ካላገኘ ያለቅሳል። ጡት ሲጥል ጥቂት ሳምንት ይከብዳል፤ እሱም እሷም ያለቅሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ ጭኗ ላይ ይወጣል፣ ደረቷ ላይ ይለጠፋል፣ ምንም አይፈልግም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሷ የመጀመሪያ ልጇ እንዲህ ያደረገ ቀን መተንፈስ ፈርታ እንደነበር ጻፈች፤ እንዳይሄድባት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ያቺን መዝሙር እንደ ድሮው ላነባት አልቻልኩም።

40ኛው ጥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ የሚያውቅ ካለ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱንም የመዝሙር ቁጥር የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል አለ። ገባኝ።

41ኛው አዲስ ሰው ነው። ከላይ ያለውን ያነበበ አይመስለኝም፤ በሞቀ ልብ መጥቶ ሙሴ ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት ነበር ይላል ብሎ ጻፈና ዘኍልቍ 13:3 ብሎ ጠቀሰ። 13:3 ሙሴ ሰላዮቹን ከፋራን ምድረ በዳ የላከበት ነው። ጣቴ በላኝ። መልስ የሚለውን ነካሁት። ሳጥኑ ተከፈተ። ዘጋሁትና በውስጥ መስመር ጻፍኩለት፤ ሁለት መስመር፣ በእርስዎ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስብ ለ11ኛውም ጻፍኩ። እሱ ረዘም ይል ነበር።

ማታ ስገባ የ41ኛው ቁጥር 12:3 ሆኗል። ለኔ አልመለሰልኝም። 11ኛውም እስካሁን አልመለሰም።